በአፉ የተደፋ በርሜል

በርሜል ማጠብ ድምፅ አይፈልግም። ሥራውን መጀመሪያ የወደድኩት ለዚህ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ስቀመጥ እናቴ አንድ ጫማ ሱቅ አስቀጥራኝ ነበር። ሥራው በር ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን መጥራት ነው፤ «ይግቡ፣ ሁሉም ቁጥር አለ» ማለት። ሦስት ቀን በር ላይ ቆምኩ። አፌን እከፍታለሁ፣ ሰውየው ያልፋል፣ አፌን እዘጋለሁ። በሦስተኛው ቀን ማታ ባለሱቁ ለእናቴ «ልጅሽ ጨዋ ናት፣ ግን ጫማ አትሸጥም» ብሎ ወደ ቤት መለሰኝ።

ከዚያ ነው ጎረቤታችን እትዬ የመጡት። ባለቤታቸው ምናለሽ ተራ በርሜል ይቆርጣሉ። አጣቢያቸው አግብታ ሄዳለች።

«ዝም ብላ የምትሠራ ልጅ ነው የሚፈልጉት» አሉ እትዬ።

«ዝም በማለት ከሆነ ከእሷ የሚበልጥ አያገኙም» አለች እናቴ።

እንዲህ ሆኜ ተቀጠርኩ።

ቤቱ አንድ የቆርቆሮ መጠለያና ፊት ለፊቱ ያለች ጠባብ ግቢ ናት። ሦስት ነን። የእትዬ ባለቤት፣ ጋሼ የምላቸው፣ ይቆርጣሉ። ሁለተኛው ቀጥቃጩ ነው፤ ሠላሳውን ያለፈ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አፉ የማያርፍ ሰው። ጋሼ የቆረጡትን ላሜራ እሱ በመዶሻ ያቃናል፣ ያጎብጣል፣ ይገጥማል። እኔ አጥባለሁ። ከበርሜሉ ምድጃ ይወጣል፣ የውሃ ማጠራቀሚያ ይወጣል፣ የቆሻሻ መጣያ ይወጣል፣ ለሁለት ተሰንጥቆ እግር ሲበጅለት ደግሞ የሥጋ መጥበሻ ይሆናል።

በዚያ ሰፈር ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው የለም። በግራ ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል፣ በቀኝ ብረት ይቆረጣል፣ ማዶ በር ይበየዳል። ሰላምታም ሆነ ስድብ ወይም የምሳ ጥሪ በጩኸት ነው። ቀጥቃጩ በሁለተኛው ቀን ስም አወጣልኝ። «ራዲዮናችን» አለኝ። «ራዲዮናችን ዛሬ ዜና የለም? ባትሪ አለቀ?» ይላል። ማዶ ያለው በያጅ ይስቃል። እኔ አንገቴን ደፍቼ በርሜሌን አንከባልላለሁ።

አጠባጠቡ እንዲህ ነው። በበርሜሉ አፍ የፈላ ውሃ አፈስሳለሁ፣ ሶዳ እጨምራለሁ፣ ሁለት እፍኝ ጠጠር እከትበታለሁ፣ ክዳኑን አጠብቅና ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ አንከባልለዋለሁ። ከዚያ ደፍቼ እንደገና። የምግብ ዘይት የነበረበት አንዴ ይበቃዋል። ቤንዚን ወይም ቲነር የነበረበት ግን ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም አራት ጊዜ ይፈልጋል። አፍንጫዬን አፉ ላይ አድርጌ ምንም እስከማይሸተኝ ድረስ አልተወውም። ባዶ በርሜል ሰው ያታልላል። ፈሳሹ ቢወጣም ትነቱ ውስጡ ይቀራል፤ የመቁረጫው ግራይንደር ብልጭታ ያንን ትነት ካገኘው በርሜሉ ይፈነዳል። ከእኛ ሁለት ረድፍ ወዲያ ጣሪያው ተገንጥሎ በሌላ ቆርቆሮ የተጠገነ ቤት አለ። እዚያ ይቆርጥ የነበረው ሰውዬ ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ የሰፈሩ ሰዎች ስለ እሱ በምልክት ብቻ ነው የሚያወሩት።

አጥቤ የጨረስኩትን በሁለት ወፋፍራም እንጨቶች ላይ በአፉ እደፋዋለሁ፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ እንዲያልቅ። ያልታጠበው በር አጠገብ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ይቆማል። ይህን ማንም ደንብ ብሎ አላወጣውም። እኔ ስመጣ እንዲሁ ነበር። ግን ከጊዜ ብዛት ቋንቋ ሆኗል፤ በአፉ የተደፋ ማለት የታጠበ ማለት ነው። ጋሼ «ታጥቧል?» ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ከእንጨቱ ላይ ያነሳሉ፣ ይቆርጣሉ።

ጋሼ በሰፈሩ የታወቁት በአፍንጫቸው ነበር። በጎልማሳነታቸው አንድ በርሜል አሽተው ምን እንደያዘ ብቻ ሳይሆን ከየትኛው መጋዘን እንደወጣ ይናገሩ ነበር ይባላል። ሌሎቹ ቤቶች የሚጠራጠሩትን በርሜል እያንከባለሉ ወደ እሳቸው ያመጡ ነበር። እኔ ስገባ ግን ማንም የሚያመጣ አልነበረም፤ እሳቸውም «አሁን ሁሉም የራሱ አጣቢ አለው» ይሉ ነበር።

በተቀጠርኩ በአምስተኛው ወር ይመስለኛል፣ ጋሼ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ ብልጭታ ወድቆበት የነበረ የዘይት ጨርቅ እግራቸው ሥር መጨስ ጀመረ። ሽታው እኔ ካለሁበት ከግቢው ጫፍ ተሰማኝ። እሳቸው ሻያቸውን ይጠጣሉ። ጨርቁ ጠቆረ፣ ሱሪያቸውን ሊነካ ነው፣ ይጠጣሉ። ሮጬ ሄጄ በውሃ አጠፋሁት። ጨርቁን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ምን ያሯሩጥሻል?» አሉ። ዞር ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ያን ቀን አወቅሁ። ለእናቴም ለቀጥቃጩም አልነገርኩም፤ እንዳወቅሁ ለእሳቸውም አላሳየሁም።

ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር በሥራቸው የገባሁት። ላሜራ ላይ በጠመኔ ያሰመሩት መስመር ወደ አንድ ወገን የዘመመ መሰለኝና «ጋሼ፣ መስመሩ ትንሽ… መሰለኝ» አልኩ።

«መሰለሽ?» አሉ ጋሼ።

«ራዲዮናችን መሐንዲስ ሆነች!» አለ ቀጥቃጩ።

«አንቺ እጠቢ፣ እኔ እቆርጣለሁ» አሉ ጋሼ፣ ሳይቆጡ። ቆረጡት። መስመሩ ዘሞ ነበር። ቀጥቃጩ ያንን ላሜራ ሲያቃና ከሰዓቱን በሙሉ ፈጀ፤ ስለ መስመሩ ግን ማንም ቃል አልተነፈሰም። እኔም ትምህርቴን ወሰድኩ፤ ልክ ብሆንም ባልሆንም የእኔ ነገር እጥበት ነው።

ያ ክረምት መብራት በፈረቃ የሆነበት ነው። የእኛ ሰፈር ሲመጣለት የሌላው ሰፈር ይጠፋል። አንዳንዴም ፈረቃው ራሱ ይፋለስና ሁለት ቀን ሙሉ እጃችንን አጣምረን እንቀመጣለን። መብራት ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ አፍ «መጣ!» ብሎ ይጮሃል፤ ወዲያው ግራይንደሩ ሁሉ አንድ ላይ ይነሳል። መቼ እንደሚሄድ አይታወቅምና ማንም ትንፋሽ አይወስድም። ሻይ የያዘ ሻዩን ያስቀምጣል፣ ጸሎት ላይ ያለ እንኳ አሳጥሮ ይነሳል እያሉ ይቀልዳሉ።

አንድ ጊዜ መብራቱ ሁለት ቀን ሙሉ ጠፍቶ ነበር። ለአንድ ትምህርት ቤት የቆሻሻ መጣያ ታዘናል፤ ዘበኛው ጋሪ ይዞ መጥቶ በር ላይ ይጠብቃል። እኔ አራት በርሜል አጥቤ ደፍቼ ቦኖ ውሃ ለመቅዳት ወጣሁ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ወረፋ እየጠበቅሁ ከባድ ዝናብ ጣለና አንድ ሱቅ በረንዳ ተጠልዬ ቆየሁ።

እኔ በሌለሁበት ተሸካሚዎች ከቀለም መጋዘን ሦስት በርሜል አመጡ። ክዳን የላቸውም። ዝናቡ ሲጀምር ውሃ እንዳይገባባቸውና እንዳይዝጉ ብለው ሁለቱን ጣሪያው ሥር አስገቡ። ሦስተኛው ቦታ አጣ። ስለዚህ በአፉ ደፉት፤ ጭቃ እንዳይነካው ደግሞ እንጨቶቹ ጫፍ ላይ አደረጉት። ለእኛ ዕቃ ተጠንቅቀው ያደረጉት ነው። ሒሳባቸውን ተቀብለው ሄዱ።

ጀሪካኔን አዝዬ ግቢ ስገባ ሰፈሩ «መጣ!» አለ።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ነበር። ከእንጨቱ ላይ ለእጃቸው የቀረበውን፣ የጫፉን በርሜል አንስተው መቁረጫው ቦታ አጋደሙት። ቀጥቃጩ ለብናኙ አፍና አፍንጫውን በሻርፕ ጠምጥሞ በርሜሉ እንዳይንከባለል እግሩን ጫነበት። ጀሪካኔን አወረድኩ። በአጠገባቸው ሳልፍ አንድ ሽታ ጉሮሮዬን ያዘኝ፤ ጣፈጥ ያለ፣ የሚቆነጥጥ የቲነር ሽታ።

ያ ሽታ በሰፈሩ ብርቅ አይደለም። ማዶ በር ይቀባሉ። ሆኖም እንጨቶቹን አየሁ። አራት በርሜል ተደፍቷል። አራት ነው ያጠብኩት። ታዲያ ጋሼ እጅ ላይ ያለው ከየት መጣ?

ትናንት ያጠብኩት ተርፎ ይሆን? አልኩ ለራሴ። ትናንት ያጠብኩት የለም። ምናልባት ረስቼ ይሆን? ሰው እንዴት ሳያውቀው በርሜል ያጥባል?

«ጋሼ» አልኩ።

እኔ ራሴ አልሰማሁትም። የሰፈሩ ግራይንደር ሁሉ ይጮሃል።

«ጋሼ፣ ይቺ በርሜል…»

ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተው በግራ እጃቸው ቆዪ የሚል ምልክት ሰጡኝ። ግራይንደሩ ተነሳ። ግራይንደር የያዘን ሰው ከኋላ አይነኩም፣ ደንግጦ ራሱን ይቆርጣል። ሶኬት አይነቅሉበትም። ቀጥቃጩ ድሮ ለቀልድ ነቅሎ ጋሼ ሳምንት ሙሉ አባረውት ነበር። ይህን ሁሉ አስባለሁ፣ ዲስኩ ወደ በርሜሉ ይወርዳል።

እጄ የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር። በርሜል ማቆም። ቀን ከሌት የምሠራው እሱን ነው። ጎንበስ ብዬ የበርሜሉን ጫፍ በሁለት እጄ ያዝኩና ወደ ላይ አነሳሁት። የቀጥቃጩ እግር ተንሸራተተ፣ እንጨት ይዞ ነው ከመውደቅ የተረፈው። በርሜሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አፉ ወደ ላይ።

ጋሼ ግራይንደሩን ከፍ አድርገው አጠፉት።

«አብደሻል?» አለ ቀጥቃጩ። «እግሬን ልትቆርጪው ነው?»

ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። «ምንድነው?»

«አልታጠበችም።»

«ምን?»

«አልታጠበችም፣ ጋሼ።»

«ከእንጨቱ ላይ ነው ያነሳኋት። በአፏ ተደፍታ ነበር።»

«እኔ አልደፋኋትም።»

«ጂኒ ደፋት?» አለ ቀጥቃጩ። «ጠዋት ስታጥብ አይቻለሁ እኮ፣ ጋሼ። ረስታው ነው። መብራቱ ሳይሄድብን እንቁረጥ።»

«የእኔም ጋሪ በሰዓት ነው የተከራየው» አለ ዘበኛው ከበር።

ጋሼ አዩኝ። ከዚያ ጎንበስ አሉና አፍንጫቸውን የበርሜሉ አፍ ላይ አደረጉ። በረጅሙ ሳቡ። ማዶ ያለው በያጅ ሥራውን አቁሞ ያያል። የሰፈሩ ታዋቂ አፍንጫ እንደ ድሮው በርሜል እያሸተተ ነው።

«ምንም የላትም» አሉ ቀና ብለው።

እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ሽታው ዓይኔን ያቃጥለኛል።

መነጽራቸውን መልሰው ሊያወርዱ እጃቸውን አነሱ። ያን ጊዜ የነበረኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱን ማለት ደግሞ በሰው ፊት ልብሳቸውን እንደማውለቅ ነበር። ባልለው በርሜሉ ይቆረጣል።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይሸትዎትም!»

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ከዚያ በታች ቢሆን አይሰማም ነበርና። ማዶ ድረስ ተሰምቷል።

«ማን ነው ያለሽ?» አሉ ጋሼ፣ በጣም ቀስ ብለው።

«ጨርቁ የነደደ ቀን አይቻለሁ።»

ቀጥቃጩ እኔንም እሳቸውንም አየ። ሻርፑን ከአፍንጫው አወረደና በርሜሉ ላይ ጎንበስ አለ። ወዲያው ወደ ኋላ ዘለለ። «ወላሂ ቲነር ነው! ወላሂ ጋሼ፣ ቲነር!»

ዘበኛው ጋሪውን እየገፋ እስከ መንገዱ ማዶ ወሰደው።

ጋሼ ግራይንደሩን አስቀመጡ። ሶኬቱን ራሳቸው ነቀሉ። ሽቦውን ማታ ማታ ብቻ እንደሚያደርጉት ቀስ ብለው ጠቀለሉት፣ ቱታቸውን አውልቀው ሰቀሉ፣ ወጡ። መብራቱ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆየ፤ በእኛ ቤት ማንም አልቆረጠም። ቀጥቃጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሎ ዋለ። እኔ ያንን በርሜል አምስት ጊዜ አጠብኩት።

ቤት ስገባ እናቴ ፊቴን አይታ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«በሰው ፊት?» አለች።

«በሰው ፊት።»

የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠች። «ባትይው ሰውየው አሁን የት ነበር?» አለች። «ነገ ቀደም ብለሽ ሂጂ። ቢያሰናብቱሽም በጊዜ ያሰናብቱሽ።»

ቀደም ብዬ ሄድኩ። ጋሼ ከእኔ ቀድመው ገብተዋል። እንደምን አደርሽ አሉኝ፣ መለስኩ። ስለ ትናንት አላነሱም። መብራት ሲመጣ ከእንጨቱ ላይ አንድ በርሜል አነሱና ወደ መቁረጫው ሳይሆን ወደ እኔ አመጡት። አፉን ወደ ላይ አድርገው ፊቴ አቆሙት። አሸተትኩና ራሴን ነቀነቅሁ።

«የራስ ንቅናቄ አይሰማኝም» አሉ። «አፍ የለሽም?»

«ንጹህ ናት።»

«አልሰማሁም።»

«ንጹህ ናት!»

«ሰማን!» አለ በያጁ ከማዶ፤ ሰፈሩ ሳቀ። «የራዲዮናችን ባትሪ ተገዛ!» አለ ቀጥቃጩም፤ እንደ ድሮው መሆኑ ደስ አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአፍንጫዬ ሥር ሳያልፍ የተቆረጠ በርሜል የለም። ስለ አፍንጫቸው ግን ዝም ነው። ደንበኛ አይቶ ሲገርመው ጋሼ «ልጅቷ ሥራ ትልመድ ብዬ ነው» ይላሉ። ቀጥቃጩ ወደ መዶሻው ያጎነብሳል፣ እኔም ወደ ሶዳዬ። እውነቱ አንዴ በጩኸት ወጥቶ ነበር፤ ሦስታችን ተባብረን መልሰን ከደነው። ግዴለም፣ ሥራዬ አልሄደብኝም እል ነበር። አንድ ነገር ብቻ ያስፈራኝ ነበር። አንድ ቀን ብሳሳትስ?

ያም ቀን መጣ፤ ክረምቱ አልፎ ፈረቃው ግን ሳያልፍ፣ ኅዳር ላይ። አንድ ረጅም ሰው የሥጋ መጥበሻ አዝዘው ነበር። ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ጫማቸው ጭቃ እንዳይነካ እየመረጡ የሚረግጡ፣ ግን የማይንቁ ሰው። ሐሙስ ከሰዓት እወስዳለሁ ብለዋል። ሐሙስ ጠዋት መብራት መጣ። የተመረጠው የምግብ ዘይት በርሜል ነው፤ አንዴ አጥቤዋለሁ። ጋሼ አመጡልኝ። አሸተትኩ።

«ይቆዩ ጋሼ። ቲነር አለበት።»

«የዘይት አይደለም?» አለ ቀጥቃጩ።

«እንጃ። ግን ይሸታል።»

ጋሼ ግራይንደሩን አስቀመጡ። አጠብኩት። አሸተትኩ። አሁንም አለ። እንደገና አጠብኩት። አሁንም። ማዶ ይቆርጣሉ፣ ይበይዳሉ፤ የእኛ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው እኔን ያያሉ። አራተኛውን ስጨርስ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ያን ጊዜ መብራቱ ሄደ።

ላቤን ልጠርግ የሻርፔን ጫፍ ወደ ፊቴ ሳነሳ ሽታው መጣ። ጠዋት ማዶ በኩል ሳልፍ ሻርፔ ትኩስ ቀለም ነክቶ ነበር፤ በያጁ ራሱ ነው በቲነር የጠረገልኝ። በርሜሉ ከመጀመሪያው ንጹህ ነው። ጠዋቱን ሙሉ ሳሸተው የዋልኩት የራሴን አንገት ነው።

ዝም ልል አስቤ ነበር። ማን ያውቃል? ተነስቼ ፊታቸው ቆምኩ።

«ጋሼ፣ በርሜሉ አይደለም። ሻርፔ ነው።»

ቀጥቃጩ ሻርፔን አሸተተና መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። «አንገቷን አጥባ ብትመጣ ኖሮ ሦስት መጥበሻ ይወጣልን ነበር!»

ጋሼ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። «ሻርፑን እጠቢው» አሉ።

እያጠብኩት ሳለሁ ደንበኛው ገቡ። መጥበሻቸውን በዓይናቸው ፈለጉ። ያገኙት ገና ያልተቆረጠ በርሜል ነው።

«አልደረሰም» አሉ ጋሼ።

«መብራት ነው?»

መብራት ነው ቢሉ ያልቅ ነበር። «መብራትስ ጠዋት ነበር። ልጅቷ አቁሙ አለች፣ አቆምን» አሉ።

«ምን አግኝታ?»

«ምንም። ተሳስታ ነው።»

ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ደንበኛው ግን ሳጥኑን ሳብ አድርገው ተቀመጡ። «ተሳስታ፣ እናንተ ደግሞ ግማሽ ቀን ቆማችሁ?»

«ቆምን።»

«ሥራዎ ምንድነው፣ ጌታው?» አለ ቀጥቃጩ፣ ነገሩን ለማብረድ።

«አውሮፕላን አበራለሁ።»

«ብቻዎን?»

«ሁለት ነን፣ ጎን ለጎን። አንዱ አለቃ፣ አንዱ ታናሽ። አሁን አለቃው እኔ ነኝ፤ ታናሽ ሆኜ ግን ብዙ ዓመት ተቀምጫለሁ።» ሳቁ። «ወጣት ሆኜ በትንሽ አውሮፕላን ጭነት እናመላልስ ነበር። አለቃዬ የተከበሩ ሰው ናቸው፣ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። አንድ ቀን ደመና ውስጥ ገብተን ዝቅ እያልን ነው፣ እኔ ጋራው የቀረበን መስሎኛል። በጣም ዝቅ ብለናል ለማለት ግን አፈርኩ። ምን ብል ጥሩ ነው? ‹ካፒቴን፣ ደመናው ዛሬ ወፍራም ነው አይደል?› አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?» አለ ቀጥቃጩ።

«‹አዎ፣ ወፍራም ነው› አሉኝ። ከደመናው ስንወጣ ጋራው ክንፋችን ሥር ነው። ፍየሎች ነበሩ። ቀንዳቸውን አየሁት። ካረፍን በኋላ ‹ለምን አልነገርከኝም?› አሉኝ። ‹ነግሬዎታለሁ› አልኩ። ‹የነገርከኝ ስለ ደመና ነው› አሉኝ።»

ቀጥቃጩ ጭኑን እየመታ ሳቀ። እኔ ሻርፔን ጨምቄ ይዤ ቀረሁ። እንዲህ የለበሰ፣ እንዲህ የተማረ ሰው ቃል ጉሮሮው ላይ ይቀርበታል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

«አሁን ግን ታናሽየው ሳይፈራ እንዲናገር ያስተምራሉ» አሉ ደንበኛው። «ከባዱ መስማቱ ነው። ስንት ጊዜ በከንቱ ያስቆሙኛል መሰላችሁ? አንዴ የተቆጣሁ እንደሆነ ግን በሚቀጥለው ስለ ደመና ነው የሚነግሩኝ።» ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሩ፣ እየቀለዱ። «ለመሆኑ እርስዎ በዚህ ልምድዎ አንድ በርሜል ማሽተት አቅቶዎት ነው ልጅቷን የሚጠብቁት?»

ቀጥቃጩ ወደ መዶሻው አጎነበሰ። እኔም ወደ ባልዲው። ልጅቷ ሥራ ትልመድ ብዬ ነው የሚለውን ሁለታችንም ጠበቅን።

«አዎ፣ አቅቶኝ ነው» አሉ ጋሼ። «አፍንጫዬ ከሞተ አራተኛ ዓመቱ ነው። ቡና ከጭስ አልለይም። ይቺ ልጅ ባትጮህብኝ በክረምቱ ከነቤቱ ሄጄ ነበር።»

ድምፃቸው እንደ ሌላው ጊዜ ነበር፤ የላሜራ ውፍረት የሚናገሩ ያህል። ደንበኛው ፈገግታቸውን ሰበሰቡና ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም እንደማለት አደረጉ፣ ወደ ጋሼ ይሁን ወደ እኔ አልለየሁትም። ማዶ በያጁ ሰምቷል። የሰማውን ደግሞ እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ጋሼም ይህን ያውቃሉ።

«እንግዲህ ቅዳሜ ይምጡ» አሉ ጋሼ ተነስተው። «ቅዳሜ ያለ ጥርጥር ይደርሳል።»

ቅዳሜ ፈረቃው የሌላው ሰፈር ነው። ይህ ከማሽተት ጋር የሚገናኝ ነገር አልነበረውም። የእጥበትም ነገር አይደለም።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ መብራት የለንም» አልኩ።

ጋሼ በጣታቸው ቀኑን ቆጠሩ።

«ሰኞ ይምጡ» አሏቸው።